አርባ ሁለተኛው ችካል

ሰውዬው ወላጆቹ ያወጡለት ስም ነበረው፤ ከተማው ግን ከረሳው ቆይቷል። ለልጅም ለአዋቂም «መርቁኝ» ነው።

ስሙን ያገኘው የጣሪያ ክዳን ፋብሪካውን ገልባጭ መኪና ይነዳ በነበረ ጊዜ ነው። ፋብሪካው የሚጥለው ብዙ ነበር፤ የተሰባበረ ክዳን፣ ከማሽን ሥር የሚጠረግ ግራጫ ዱቄት፣ የተቀደደ ጆንያ። እሱ ይህን ሁሉ ጭኖ ከከተማው ውጪ ካለው ገደል እንዲደፋ ነበር የታዘዘው። ገደሉ ግን ሩቅ ነው፤ የከተማው ጭቃ ደግሞ ቅርብ። ክረምት በገባ ቁጥር እናቶች ልጅ አዝለው፣ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው ሲሻገሩ ያያል። አንድ ቀን የዳቦ ጋጋሪዋ ደጃፍ ጭቃ ሆኖ ደንበኛ አላስገባ ሲል አየና ጭነቱን እዚያው ገለበጠላት። ዱቄቱ ውሃ ሲጠጣ እንደ ሲሚንቶ ደረቀ። እሷና ባሏ «ምን እንክፈልህ?» ቢሉት «መርቁኝ ብቻ» አላቸው።

ከዚያ ወዲያ ጭቃ ያስቸገረው ሁሉ መንገድ ላይ እጁን እያነሳ ያስቆመው ጀመር። የትምህርት ቤቱ ሜዳ፣ የጤና ጣቢያው መግቢያ፣ የገበያው ዳርቻ፣ የስንቱ ሰው ግቢ በእሱ ገልባጭ ተደለደለ። ዋጋ ተቀብሎ አያውቅም። ምርቃቱን ግን አንድ በአንድ ይዞታል። «እግርህን እንቅፋት አይንካው» ያለችው ማን እንደሆነች፣ «ልጅህን ለቁም ነገር ያብቃልህ» ያለው ማን እንደሆነ፣ ዛሬም ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት ይናገራል።

ፋብሪካው ተዘጋ። ከዓመታት በኋላ ሰው መሞት ጀመረ። መጀመሪያ ማሽን ላይ የነበሩት፣ ቀጥሎ ቱታቸውን ያጥቡ የነበሩ ሚስቶቻቸው፣ በመጨረሻም ፋብሪካውን ከአጥር ውጪ እንጂ ከውስጥ አይተው የማያውቁ ሰዎች። ደረቅ ሳል፣ አጭር ትንፋሽ፣ ሳንባ ዙሪያ የሚቋጠር ውሃ። አምና ደግሞ የመርቁኝ አንድያ ልጅ ሄደች። አርባ ስድስት ዓመቷ ነበር። እሱ ሰባ አራት ሆኖታል፤ ያን ዱቄት ዕድሜውን ሙሉ ሲጭንና ሲያራግፍ ኖሮ ደረጃ ሲወጣ እንኳ አያለከልክም። ሰው ሲጠይቀው «እኔንማ ማን ይፈልገኛል» ይላል። ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ።

ሐኪሞቹ የክዳኑ መሥሪያ አስቤስቶስ ነው ካሉ በኋላ ከተማው ተነሳ። የጽዳት ኮሚቴ ተቋቋመ። ጸሐፊው የመርቁኝ አማች፣ የሟቿ ባል፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነው። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ሌላ ነገር አይታየውም፤ ከክፍል ወጥቶ ኮሚቴ፣ ከኮሚቴ ወጥቶ ክፍል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጉድ ነበር። ይህ ከተማ በጽዳት የሚታማ አይደለም፤ ሰው ቁርስ ሳይበላ ደጁን ይጠርጋል። ጽዳት ሲባል ታዲያ ሕዝቡ ማንም ሳይነግረው መጥረጊያውን ይዞ ወጣ። ፀጉር አስተካካዩ ሰፈር ለሰፈር አወዳድሮ «የላይ ሰፈር ተበልጣችኋል» እያለ ይጮሃል። የገበያው ዳርቻ ጭጋግ የወረደበት መሰለ። በዚህ መሃል ከዋናው ከተማ የተላከችው ባለሙያ ደረሰች። ከመኪናዋ አንድ እግሯን አውጥታ አየች፤ መልሳ ገባችና መስኮቷን ዘጋች። ትንሽ ቆይቶ ከመኪናው ውስጥ በድምፅ ማጉያ፣

«እባካችሁ መጥረጊያችሁን ቀስ ብላችሁ መሬት ላይ አስቀምጡ» አለች።

«ማረከችን እኮ» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ፣ መጥረጊያዋን እያስቀመጠች። «እጃችንንስ እናንሳ?»

ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ተሰበሰቡ። ባለሙያዋ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይከፋባት እየተጠነቀቀች ነገረቻቸው። ከፀጉር የቀጠነ እሾህ ነው አለች። ሳንባ ውስጥ ይገባና ሃያ ሠላሳ ዓመት ተኝቶ ይነሳል። መሬት ውስጥ እንደረጋ ከተቀመጠ አይጎዳም፤ ሲቦን ነው ክፋቱ። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ላስቲክ፣ ከዚያ በማስክና በቱታ እያረጠቡ ማውጣት።

«በደረቁ መጥረግን ግን እርሱት» አለች። «ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። በየቀኑ የሚጠርግ ሰው በየቀኑ ይተነፍሰዋል።»

መርቁኝ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ የሚኖረው በልጁ ግቢ፣ ጓሮ በኩል ባለች አንዲት ክፍል ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት የሚቀሰቅሰው የልጁ መጥረጊያ ነበር። ሸር፣ ሸር፣ ሸር፤ ከበሩ ጀምራ እስከ ውሃ ቧንቧው፣ ከዚያ ተመልሳ በአጥሩ ሥር። አልጋው ላይ ሆኖ የት እንደደረሰች በድምፁ ያውቃል። አሁን አዳራሹ ውስጥ ያ ድምፅ መጣበት፤ ባለሙያዋ ቀጥላ ያለችውን አልሰማም።

ምክንያቱም የዚያን ግቢ ጉድ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

ልጁ ልታገባ የደረሰች ጊዜ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ይሆነዋል፣ የሙሽራው አባት ዳኛ ነበሩ። እሱ የገልባጭ ሹፌር። ሙሽሮቹ የሚገቡበት ግቢ የቆመ ጭቃ ነበርና «የግቢውን ነገር ለእኔ ተዉት» ብሎ አፉን ሞልቶ ተናገረ። ድንጋይ ከሚፈለጥበት ካባ ድንጋይ ሊገዛ አስቦ ነበር፤ አልሆነለትም። ቀኑ ሲደርስ የፋብሪካውን ጥራጊ ጭኖ አምጥቶ ደለደለውና ከላዩ ሁለት ባሬላ ጠጠር በተነበት። «ከካባው የመጣ ምርጥ ድንጋይ ነው» አለ። ሰው አመነው። አማቹም እስከ ዛሬ «የእኛ ግቢ እንኳ ንጹህ ነው፣ አባቴ ከካባ ገዝተው ያስደለደሉት ነው» ይላል።

አዳራሹ ውስጥ ባለሙያዋ ወረቀት እያገላበጠች ነበር። «የፋብሪካው መዝገብ ጥራጊው ሁሉ ገደል ገብቷል ይላል።»

«ገደል የገባነውስ እኛ ነን» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሳቁ ሲበርድ የሁሉም አንገት ወደ ኋላ ዞረ። ማንም ስሙን አልጠራም። መርቁኝ ተነሳ፣ ኮፍያውን አወለቀ።

«እኔ አውቀዋለሁ። አርባ ሁለት ቦታ ነው» አለ።

ቁጥሩ ሳያስበው ነው ያመለጠው። አርባ አንድ ማለት ይችል ነበር።

በማግስቱ አናጢው አርባ ሁለት ችካል ቆርጦ ጫፋቸውን ቀይ ቀባ። መምህሩ ደብተር ያዘ፤ ሁለት ወጣቶች የአትክልት መድኃኒት መርጫ በውሃ ሞልተው አዘሉ፤ መርቁኝ መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ ፊት ፊት ሄደ። አሠራሩ እንዲህ ነበር። እሱ ቦታውን ያሳያል፣ ወጣቶቹ ያርከፈክፋሉ፣ እሱ ችካል ይተክላል፣ መምህሩ ይጽፋል። የቤቱ ሰዎች ላስቲኩን አራት ጫፍ ይዘው ያለብሱና ድንጋይ ይጭኑበታል፤ ቆፋሪዎቹ እስኪደርሱ ጠዋትና ማታ ውሃ የሚያጠጡት እነሱ ናቸው። ጎረቤት የሌላ ጎረቤትን ቀዳዳ ላስቲክ ይጠግናል። ለዓመታት ሳይነጋገሩ የኖሩ ሰዎች ባልዲ ሲቀባበሉ ታዩ።

ሽማግሌው ቦታውን በምርቃቱ ነበር የሚያስታውሰው። በር ላይ ይቆማል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ «እዚህ 'ከክፉ ዓይን ይሰውርህ' ተባልኩ፤ ቁም ሣጥን የሚያህል ጉድጓድ ነበር፤ ከዛፉ በስተግራ» ይላል። ሲቆፈር ይገኛል። መምህሩ ምርቃቱንም በኅዳጉ ላይ ይጽፍ ጀመር፤ ከአድራሻ ይልቅ እሱ አይስትም ነበርና።

ዳቦ ጋጋሪዋ ወገቧን ይዛ ጠበቀችው። ባሏ ከሞተ አራት ዓመት ሆኗል። እሱም በዚያው ሳል ነው።

«መርቁኝ፣ እኔ ምን ብዬ ነበር የመረቅሁህ?»

«'ዕድሜ ከጤና ይስጥህ' ነበር ያልሽኝ።»

«እኔ ቤት ሳይሠራ አንተ ቤት ሠራ በለኛ።»

እሱ መሬት መሬት አየ። ወጣቶቹ እንኳ ማርከፍከፉን ተዉት።

«ምን ያስጎነብስሃል?» አለች። «ሌላ ነገር አስመስለህ አላመጣኸው፣ ምን እንደሆነ አይቼ ነው የተቀበልኩህ። የሰጡትን ምርቃት መልሶ መውሰድ ነውር ነው፤ አልወስድም። ችካልህን ትከልና ግባ፣ ትኩስ ዳቦ አለ።»

'አስመስለህ አላመጣኸው' ያለችው ቃል ጎኑን ወጋው። ዳቦውን ተቀብሎ ኪሱ ውስጥ ከተተው፤ መብላት አልቻለም።

ሁሉም እንደ እሷ አልነበረም። ሁለት ወንድ ልጆቹን የቀበረ፣ ጉልበቱ ግን ገና የጎረምሳ የሆነ አዛውንት በሩን አልከፍትም አለ። በአጥሩ ቀዳዳ «ችካሉን ወርውርና ሂድ፣ እኔ እተክለዋለሁ» አለው። መርቁኝ ችካሉን በአጥሩ ላይ አሳልፎ ሰጠ። ከውስጥ የመዶሻ ድምፅ ለረጅም ጊዜ ተሰማ፤ ለአንድ ችካል እጅግ የበዛ ምት ነበር።

እቤት ደግሞ ሌላ ጭንቀት አለ። የልጅ ልጁ፣ የመምህሩ ልጅ፣ ባሏ ለሥራ ርቆ ስለሄደ ከስምንት ወር ሕፃኗ ጋር አባቷ ቤት ናት። ሕፃኗ በደረቷ እየተሳበች መዳህ ጀምራለች። መርቁኝ ሰው ሳይነሳ ግቢውን በባልዲ ያጠጣል። በፀሐይ ሲደርቅ እንደገና ያጠጣል። የልጁን መጥረጊያ ማንም እንዳያነሳው ከበር ኋላ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። እናትየው ሕፃኗን ፀሐይ ላሙቃት ስትል «ይበረታባታል» ይላል፤ ደመና ሲሆን «ይበርዳታል» ይላል።

«አባባ፣ ለዚች ልጅ የሚስማማት አየር የትኛው ነው?» ትለዋለች እየሳቀች።

አንድ ጠዋት መምህሩ ባልዲውን ይዞ አገኘው። 

«እሷን እያሰቡ ነው፣ አይደል?» አለ። «ይህን ግቢ እንዴት ነበር የምትንከባከበው። ይተዉት አባቴ፣ እኔ አግዝዎታለሁ።» ባልዲውን ተቀበለውና አጠጣ።

መርቁኝ ያን ጊዜ ሊናገር አፉን ከፈተ። ባልዲው ሲመለስለት ግን ሊሞላው ወደ ቧንቧው ሄደ። ሆድ ይፍጀው ይባላል፤ ሆድም ግን የሚፈጀው ልክ አለው።

የችካል ተከላው በአምስተኛው ሳምንት አለቀ። መምህሩ ገበታ ላይ ካርታውን ዘርግቶ ቆጠረ። አርባ አንድ።

«አርባ ሁለት ብለው ነበር።»

«አርጅቻለሁ ልጄ። ተሳስቼ ይሆናል።»

«ምርቃት ተሳስተው አያውቁም» አለ መምህሩ፣ ካርታውን ሳያጥፍ። «ደህና፣ ቦታው ክፍት ይቆይ። ሲያስታውሱ ይነግሩኛል።»

በሦስተኛው ቀን፣ መምህሩ ትምህርት ቤት እያለ፣ የልጅ ልጁ ምንጣፍ ግቢው ላይ አንጥፋ ሕፃኗን አስቀመጠቻትና ሽንት ጨርቅ ልታመጣ ገባች። መርቁኝ ቧንቧው ጋ ባልዲ እየሞላ ነበር። ዞር ሲል ሕፃኗ ከምንጣፉ ወጥታለች። የደረቀውን መሬት በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አደረገች። አቧራው ብን አለ። ደስ አላትና ደገመች፤ ከዚያ እጇን ወደ አፏ ወሰደች።

ባልዲውን ጥሎ ሮጠ። ነጥቆ አነሳት፣ ቧንቧ ሥር ወስዶ እጇን፣ አፏን፣ ፊቷን አጠበ። ሕፃኗ በጩኸት ልትሞት ደረሰች። እናቷ እየበረረች ወጣች።

«ምን ሆንክ አባባ? አስደነገጥካት እኮ። አፈር ነው፤ ሁላችንም አፈር ልሰን ነው ያደግነው።»

«አፈር አይደለም» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። ፊቱን አየች፣ መሬቱን አየች። ከዚያ ሕፃኗን ከእጁ ወሰደች፤ በቀስታ ነው የወሰደችው፣ እሱን ላለመንካት ግን ተጠንቅቃ ነበር። ቤት ገባችና መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋች።

መርቁኝ ወደ አናጢው ሄደ። የተረፈችው ችካል ጥግ ላይ ቆማ ነበር።

«ተገኘች?» አለ አናጢው።

«አልጠፋችም ነበር» አለ።

ግቢው መሃል ተከላት። ቀይ ጫፏ ከበሩ ይታያል። ምንጣፉን አርጥቦ ጠቀለለ፣ ዙሪያውን አጠጣ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ።

መምህሩ ለምሳ መጣ። ደብተሩን ብብቱ ሥር እንደያዘ በሩ ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድነው?»

«አርባ ሁለተኛው ነው።»

«ተሳስተዋል አባቴ። ይሄ እኮ የካባ ድንጋይ ነው። እርስዎ ራስዎ ነዎት ያሉን።»

«ዋሽቼ ነው።»

መምህሩ ጎንበስ ብሎ ጠጠሩን በጫማው ጫፍ ገለጥ አደረገ፤ ከዚያ የሚያደርገውን ሲያውቅ እግሩን ሰበሰበ። አርባ አንድ ቦታ ያየው ግራጫ ነገር ነበር። 

«ለምን?»

«አባትህ ዳኛ ነበሩ።»

«አባቴ?»

«ለማንም በነፃ የምደፋውን ጥራጊ ለልጄ እንዳመጣሁ እንዲያውቁ አልፈለግሁም። የተገዛ ነገር ልሰጣት ነበር የፈለግሁት። አልቻልኩም።»

«አባቴ እግራቸው ሥር ያለውን አንድ ቀን አይተው የሚያውቁ ሰው አልነበሩም» አለ መምህሩ። ድምፁ አልጮኸም። ጮኾ ቢሆን ለሽማግሌው ይሻለው ነበር። «ምን ላይ እንደቆሙ ቢጠየቁ አያውቁም።»

ደብተሩን ከፈተ። ብዕሩን አወጣ። ሲጽፍ የኖረ ሰው ነውና እጁ በልማድ ሄደ፤ አርባ ሁለት ብሎ ጻፈ። ከዚያ ኅዳጉ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ሁሉም ቤት ምርቃቱን ነግረውኛል። እሷ ምን ብላ መረቀችዎት?»

መርቁኝ የፈራው ይህን ነበር። ኮፍያውን በጉልበቱ ላይ ጠመዘዘው።

«አልመረቀችኝም። ጎንበስ ብላ በጣቷ ቆንጠር አድርጋ አየችው። ከጋቢናዬ ሳትወርድ ያደገች ልጅ ናት፣ እንዴት ይጠፋታል። ሰው ሁሉ ድንጋዩን ሲያደንቅ ጆሮዬ ሥር መጣችና 'አባዬ፣ አልናገርብህም' አለችኝ። ይኸው ነው። አልተናገረችብኝም።»

መምህሩን ሚስቱ ሆስፒታል የነበረችበት ቀን ትዝ አለው። ሐኪሙ አልጋዋ ጫፍ ተቀምጦ «ፋብሪካ ሠርተሽ አታውቂም፤ ከየት ያገኘሽው ይመስልሻል?» ብሎ ሲጠይቃት ሦስቱም እዚያ ነበሩ። እሷ አባቷን ለረጅም ጊዜ አየችውና «አላውቅም» አለች። መምህሩ ያን ጊዜ ፈርታ አባቷን የፈለገች መስሎት ነበር። አልቅሶም ነበር።

«መጥረጊያውንስ?» አለ። «እያወቀች ስትጠርግ?»

«እንደሚገድል ማን አወቀ? እኔም አላወቅሁም። የደበቀችልኝ ውርደቴን ነው።»

መምህሩ ደብተሩን ዘጋ። ኅዳጉ ባዶ ቀረ።

ቆፋሪዎቹ ሐሙስ ዕለት መጡ፤ ሁሉም የከተማው ሰዎች ናቸው፣ ባለሙያዋ ያሠለጠነቻቸው። ነጭ ቱታና ማስክ ስላደረጉ የሚለዩት በአካሄዳቸው ብቻ ነው። በሩን ያልከፈተው አዛውንትም አካፋ ይዞ መጥቶ ነበር። የልጅ ልጁና ሕፃኗ ዳቦ ጋጋሪዋ ዘንድ፣ ደጃፏ ከጸዳ ቤት፣ ሰንብተዋል። መምህሩ በእነዚያ ቀናት ለሽማግሌው ምግብ ያስቀምጥለታል፤ «ይብሉ» ይላል፤ «አባቴ» አይልም።

መርቁኝ የውሃውን ጎማ እንዲይዝ ለምኖ ተፈቀደለት። ከበሩ ጀምሮ እስከ ቧንቧው፣ ከዚያ ተመልሶ በአጥሩ ሥር አረጠበ። የማንን መንገድ እየተከተለ እንደሆነ ያወቀው ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው።

መሬቱ ተነስቶ ሲያበቃ ባለሙያዋ ቤቱን ዞረች፤ ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን መጥረጊያ አየች።

«እሱም መውጣት አለበት» አለች። ከዚያ የማን እንደሆነ ከሰዎቹ ፊት ገባትና፣ «ይቅርታ» ብላ ወደ ውጪ ሄደች።

ከቆፋሪዎቹ አንዱ ሊያወርደው እጁን ሲዘረጋ መምህሩ «ተወው» አለ። ራሱ አወረደው። እጀታው እሷ በምትይዝበት ቦታ ላይ ልስልስ ብሏል። ውሃ አርከፈከፈበት፣ እስኪንጠባጠብ ድረስ። ላስቲክ አንጥፎ አጋደመው። አንዱን ዙር ጠቀለለ፤ ሁለተኛው ላስቲክ ግን ሰፊ ነበርና ለአንድ ሰው አልመች አለው።

ዙሪያውን አየ። ረዳት ሞልቷል። ዓይኑ ጎማውን ይዞ ቆሞ የነበረው ሽማግሌ ላይ አረፈ።

«በዚያ በኩል ይያዙ» አለው።

መርቁኝ ጎማውን አስቀምጦ ተንበረከከ። ጫፉን ያዘ። አንድ ላይ ጠቀለሉት፣ በሁለቱም ጫፍ አሰሩት፤ ሰውን እንደሚሸከሙ ተሸክመውም ወደ መኪናው ወሰዱት። ሸክሙ ምንም አይከብድም ነበር። ሁለቱም ግን በቀስታ ነበር የሄዱት።